የኦጁሉ ባትሪ እና የጋሽ ኦሞድ መረብ

ትናንት ከትምህርት ቤት ወጥቼ መሃል ከተማ ማንጎ ስመርጥ፣ አንድ የኤሌክትሪክ ባጃጅ ድምፅ ሳያሰማ አጠገቤ ቆመ። አብሮኝ የነበረ ተማሪዬ፣ «ቲቸር፣ ይሄ ነገር እውነት ለአካባቢ ከቤንዚኑ ይሻላል?» አለኝ። ወዲያው መመለስ ልማዴ ነው። ትናንት ግን ማንጎውን እንደያዝኩ ባሮ ወንዝ ዳር ያሳለፍኩት አንድ ቅዳሜ ትዝ አለኝ።

ጋምቤላ ለማስተማር በመጣሁ በሁለተኛው ዓመት ነው። ጎረቤቴ ኦጁሉ የቤንዚን ባጃጁን ግቢው ውስጥ አቁሞ የኤሌክትሪክ የገዛው በእኔ ውትወታ ነበር። ጥቅሙን ለተማሪዎቼም በሦስት ነጥብ ሰሌዳ ላይ ጽፌላቸዋለሁ፤ አይጨስም፣ አይጮህም፣ መብራቱም የሚመጣው ከውሃ ኃይል ነው። ዛሬም አንዱንም አልሰርዝም።

ያን ቅዳሜ ሙቀቱ አላስቀምጥ ሲለኝ ልብሴን ላጥብ ወደ ባሮ ወረድኩ። ዓሣ አጥማጁ ጋሽ ኦሞድ ውሃው ዳር ከሰል አቀጣጥለው፣ ኦጁሉ ከኤሌክትሪክ ባጃጁ አውጥቶ የሰጣቸውን ያረጀ ባትሪ በመጥረቢያ ሊፈልጡ ተነሥተዋል። በውስጡ ያለውን እርሳስ አቅልጠው መረባቸውን የሚያሰጥም ክብደት ሊሠሩበት ነው። ከእሳቸው ትንሽ ዝቅ ብላ ልጃቸው አሪየት፣ ተማሪዬ፣ የቤት ውሃ በጀሪካን ትቀዳለች።

«ጋሽ ኦሞድ፣ እንዳይመቱት!» ብዬ ሮጥኩ። «ውስጡ አሲድ አለ፤ እርሳሱም መርዝ ነው!»

መጥረቢያውን እንዳነሡ አዩኝ። «መምህር፣ ንጹህ ነው ያልክ አንተ አይደለህ? አሪየት ደብተር ላይ አለ።»

«ሦስት ነጥብ ነው» አለች አሪየት። «ስለ ባትሪ ግን የለም፣ ቲቸር።»

«እሺ፣ መረቤ ከላይ ተንሳፈፈ። ማታ ልጆቼ ያንተን ነጥብ ይብሉ?»

ማስረዳት ቀላል ነው፤ መረብ ማስጠም ግን ሌላ ሙያ ነው። ያዳነችኝ አሪየት ናት፤ «የኦጁሉ አሮጌ ባጃጅ ዳዶ ሞልቷታል» አለች።

ከሰዓት በኋላ ኦጁሉ እየፈታ፣ እኔ በመጠን እየለየሁ፣ ጋሽ ኦሞድ ዳዶዎቹን በመረቡ ጠርዝ አሰሩ። «ባጃጇ ሞታም ትሠራለች!» ብለው ሳቁ። በማግስቱ ዓሣ ጠብሰው ጠሩኝ። ባትሪውንም ኦጁሉ አሮጌ ባትሪ ለሚቀበል ነጋዴ በጭነት መኪና ላከው። ሰኞ ሰሌዳው ላይ አራተኛ ነጥብ ጨመርኩ፤ ባትሪው ሲያልቅ የት ይሄዳል?

«ይሻላል» አልኩት ትናንት ተማሪዬን። ለእኔ የዚህ ባጃጅ ንጽሕና የሚለካው ሲነዳ ብቻ ሳይሆን ሲያረጅም ነው። ስለዚህ ወደ ሹፌሩ ዞሬ፣ «አሮጌው ባትሪህስ የት ነው?» አልኩት።

ራሱን አከከ። «ቤት ነው። አንድ ዓሣ አጥማጅ ዛሬ መጥቼ እወስዳለሁ ብሎኛል።»

ማንጎውን መልሼ ባጃጁ ውስጥ ገባሁ። «ንዳ» አልኩት፣ «ወደ ቤትህ!»