እናቴን ቃር የያዛት ዓመት

ለቃር የሚጠጣው የተቆላ ተልባ ሲሸተኝ ጄኔቭ አጠገብ ሜራን የነበረው ጠባብ ቤታችን፣ እናቴም ወንበር ላይ ተቀምጣ ደረቷን በመዳፏ ስታሽ ፊቴ ድቅን ይልብኛል። የስምንት ዓመት ልጅ ነበርኩ፣ እሷ ደግሞ ወንድሜን አርግዛ ነበር።

እናቴ ጄኔቭ አንድ ዲፕሎማት ቤት ምግብ አብሳይ ነበረች። በዚያ መኸር ሽንኩርት ስታቁላላ ጉሮሮዋ እየተቃጠለ፣ ጎንበስ ስትል ሆምጣጤ የመሰለ ነገር አፏ ድረስ እየመጣባት ትውልና፣ ሌሊቱን ትራስ ደራርባ ቁጭ ብላ ታነጋው ነበር። ሳቂታዋ እናቴ ነጭናጫ ሆነች፣ በትንሽ በትልቁ ትቆጣኝ ጀመር። መድኃኒት እንዳትገዛ የከለከለቻት ያኔ እትዬ እያልኩ የምጠራት ወይንሸት ነበረች፤ ከዘጠና ሰባቱ ምርጫ በኋላ ከአገር ቤት መጥታ ማረፊያ ስታጣ እናቴ ስድስት ወር ያኖረቻት፣ እኔም አልጋዬን የለቀቅኩላት ሴት። ቃር የልጁ ፀጉር ሲበቅል ነው፣ መድኃኒት ከዋጥሽ ትጎጂዋለሽ አለቻት፤ እናቴም እንደ ሐኪም ቃል ተቀበለቻት።

በረዶው ሲገባ እናቴ ምግብ እየፈራች ከስታ፣ ምድጃ ፊት መቆም አቃታት። «ሁለት ሳምንት ልተካሽና አንቺ እረፊ፣ እህቴ» አለች ወይንሸት፤ እናቴም እጇን ይዛ ወስዳ ለዲፕሎማቱ ሚስት ለማዳም አስተዋወቀቻት፣ ማዳም ሾርባ እንዴት እንደምትወድ ሳይቀር አስጠናቻት። ሁለቱ ሳምንት ሲያልቅ እናቴ ነጭ ሽርጧን ተኩሳ ሄደች፣ እኔም ትምህርት ስላልነበረኝ ተከተልኳት። በሩን የከፈተችው ወይንሸት ናት፤ ምንጣፉን እያየች፣ «ማዳም ከእንግዲህ አትምጪ ብላለች» አለች። በኋላ እንደሰማነው፣ ሕመሟ ብሶባታል፣ አትመለስም ብላ ለማዳም የነገረቻት እሷው ነበረች። ያጎረሰ እጅ ተነከሰ ማለት ይኸው ነው! ስንመለስ ትራም ውስጥ እናቴ ደረቷን ይዛ አለቀሰች፣ እኔ ቃሩ መስሎኝ ነበር።

ጸደይ ላይ ወንድሜ ተወለደ፣ አናቱ ላይ አንዲት ፀጉር ያልነበረችው። አዋላጇ እርጉዝ የምትወስደው ሽሮፕ እያለ ለምን ተሰቃየሽ ብላ እናቴን ጠየቀቻት። ሥራው ስለቀረ አባቴ ወደሚሠራበት፣ ጀርመንኛ ወደሚነገርበት ከተማ ወደ ዲቲኮን ጠቅልለን ሄድን፤ እናቴም ያን ሁሉ ፈረንሳይኛ ይዛ ለጀርመንኛው ዲዳ ሆና፣ ዳግመኛ በሙያዋ አልሠራችም።

አሁን እኔ የስድስት ወር እርጉዝ ነኝ፣ ከዲቲኮን ብዙ በማይርቀው ዋሊሰለን ልብስ መደብር እሠራለሁ፣ ቃሩም እንደ እናቴ ይዞኛል። ሐኪሜ ሽሮፕ አዘዘችልኝ፣ በልቼ ቶሎ እንዳልተኛም መከረችኝ፤ ቀለል ብሎኛል፣ ቆሜ ስውል ግን አልፎ አልፎ ይነሣብኛል። እናቴ ያን ሁሉ የቻለችው በሁለት ማንኪያ ሽሮፕ ለሚበርድ ነገር መሆኑ እስካሁን ያንገበግበኛል። ባለፈው ሳምንት አብራኝ የምትሠራ ልጅ፣ ደግ ልጅ ናት፣ ፊቴን አይታ ለጥቂት ቀን ልተካሽ አለችኝ። አመሰገንኳትና እስከ መዝጊያው ሰዓት ቃሬን እየዋጥኩ ቆምኩ።