የአባዬ የጆንያ መልሕቅ

ፌርፋክስ ላይ ቡና የሚቆላ ሱቅ በር ላይ፣ ዝናብ ያራሰው ባዶ የቡና ጆንያ ተጥሎ ነበርና ሳልፍ ሽታው አቆመኝ። ከሥራ ዝዬ የወጣሁ ሰው ነኝና ለትዝታ የሚሆን አቅም አልነበረኝም፤ እርጥቡ የቃጫ ሽታ ግን ፈቃዴን ሳይጠይቅ አስራ አንድ ዓመቴ ወደነበረበት ጊዜ፣ ወደ አባዬ ጀልባ ወሰደኝ።

አባዬ በወጣትነቱ ምጽዋ ላይ በባሕር ኃይል ያገለገለ፣ እዚህ ስደት ላይ ደግሞ ኤርፖርት ታክሲ ሲነዳ የኖረ ሰው ነበር። ፓርኪንግ ከሚሠራው ጓደኛው ከጋሼ መኮንን ጋር ሆነው ሸራዋ የተጣፈ አሮጌ ጀልባ ገዙና፣ እማዬ «ጣውንቴ» የምትላት እሷን ይዘው ሥራ በሚቀዘቅዝበት ቀን ሁሉ ባሕር ይወጡ ነበር፤ እኔም አልቀርም። ማዕበል ቢመጣ የሚደረገውን አባዬ ደጋግሞ አስተምሮኛል፦ ሸራውን ማውረድ፣ አፉን በሽቦ ክብ ያደረገለትን የቡና ጆንያ በረጅም ገመድ ከጀልባዋ አፍንጫ ወደ ውሃው መጣል፣ ከዚያ ዝቅ ብሎ መጠበቅ። ጆንያው ውሃ ሞልቶ ሲጎትታት ጀልባዋ ፊቷን ወደ ማዕበሉ አዙራ ትቆያለች፤ ጎኗን ከሰጠች ግን አለቀላት።

በዐቢይ ጾም አንድ ቀን ነፋሱ ድንገት ተነሣ። ወደቡ ከሩቅ ይታየናል፤ እኔ በብርድና በፍርሃት እንቀጠቀጣለሁ። ጋሼ መኮንን «ልጅቷን እያት እንጂ! ሞተሩን ስታርት አድርገን እንግባ!» ብሎ ጮኸ።

አባዬ ጆንያውን እየጣለ «የወደቡ አፍ ላይ ነው ማዕበሉ የሚሰበረው። እዚያ ድንጋዩ ይጨርሰናል። እዚህ እንጠብቅ፣ ያልፋል» አለ።

ጋሼ መኮንን ለገብርኤል ጃንጥላ ተሳለ፤ ቀጣዩ ማዕበል ሲመጣ ምንጣፍ ጨመረ፣ ከዚያ በኋላ የተሳለውን እሱም አያስታውሰውም። እኔ አባዬን በጣም ጠላሁት፤ ወደቡ እዚያ እየታየ አይወስደንም ብዬ አለቀስኩ። እሱ ግን ከጾሙና ከሌሊት ሥራው ድካም ጋር ገመዱን ይዞ ለሰዓታት ተቀመጠ፤ ነፋሱም እንዳለው አለፈ። አመሻሽ ላይ ስንገባ እማዬ ነጠላዋን እንደ ሐዘንተኛ አዘቅዝቃ ቆማ ነበር፤ ስታየን መጀመሪያ አለቀሰች፣ ቀጥላ ተሳደበች። ከዚያ ቀን ጀምሮ አባዬ ያለው ሁሉ ለእኔ ልክ ሆነ።

አሁን ጀልባዋ የለችም፤ አባዬም የለም። ጋሼ መኮንን ሲያገኘኝ ስለዚያ ቀን አንሥቶ ያስቀኛል፤ እስቃለሁ፣ ግን ይደክመኛል።

ከዚያ የማዕበል ቀን አምስት ዓመት በኋላ አንድ ቅዳሜ ጠዋት፣ ኢንግልዉድ ባለው ቤታችን አባዬ ደረቱን ይዞ ሶፋው ላይ ተቀመጠ። ላብ አጥምቆታል። እማዬ «አምቡላንስ እንጥራ» ስትል «ተዪ፣ ትንሽ እንጠብቅ፣ ያልፋል» አላት። እማዬ ዞር ብላ እኔን አየችኝ። ስልኩ እጄ ላይ ነበር። «አባዬ ካለ ያልፋል» አልኳት፤ ስልኩን አስቀምጬም አጠገቡ ተቀመጥኩ።