የእሑድ ከሰዓት ክፍል

በ2016 ዓ.ም.፣ የበልጉ ዝናብ በጀመረ ሰሞን ነው። ሆሳዕና ውስጥ በአንድ መሥሪያ ቤት ባለጉዳይ እያስተናገድኩ፣ ማታ ማታ ለሠራተኞች በሚሰጠው ትምህርት የሕዝብ አገልግሎት ማኔጅመንት ሁለተኛ ዲግሪ እማር ነበር። የመጨረሻ ልጄ ዩኒቨርሲቲ እስክትገባ ጠብቄ የጀመርኩት ነው። ጌታ በጊዜው ሰጠኝ እላለሁ።

በሁለተኛው መንፈቅ አንዱ ኮርስ እሑድ ጠዋት ላይ ወደቀ። መምህሩ ከአዲስ አበባ ስለሚመጣ የሥራ ቀን አይመቸውም። እሑድ ጠዋት ደግሞ የአምልኮ ሰዓት ነው። ለዲግሪ ብዬ ከአምልኮ አልቀርም። ስለዚህ የመጀመሪያው ክፍለ ጊዜ ዕለት በማለዳ ሄድኩ፤ ማቋረጤን ነግሬው ወደ ቤተ ክርስቲያን ልሮጥ።

ነገርኩት። መልስ ሳይሰጠኝ ከኋላ የተቀመጠው፣ ከሾኔ የሚመጣው ልጅ፣ «እኛም እኮ ጨንቆናል መምህር፤ ቅዳሜ ይሁንልን» አለ።

መምህሩ የሚስማማ እጁን እንዲያወጣ ጠየቀ። ሁሉም አወጣ። እኔም ደስ ብሎኝ አወጣሁ። ከጎኔ የተቀመጠው፣ ከዳምቦያ የሚመጣው ሰው ብቻ እጁን አላወጣም።

«ምነው ወንድሜ፣ እጅህን አመመህ እንዴ?» አልኩት።

«እህቴ፣ የእኔ እሑድ እኮ ቅዳሜ ነው» አለኝ ቀስ ብሎ። ሰንበቱን ቅዳሜ የሚያከብር አማኝ ነው።

«አርብንም እንዳትነኩብኝ!» አለች ሙስሊሟ የክፍላችን ልጅ። ክፍሉ ሳቀ፤ እሱም ሳቀ። እኔ ግን እጄን አወረድኩ። ለእኔ የከበደኝን እንዴት በእሱ ላይ እጭናለሁ?

«መምህር፣ ቅዳሜው ይቅር። እኔው ላቋርጥ» አልኩ።

«ማንም አያቋርጥም። ከቤተ ክርስቲያን ስንት ሰዓት ትወጣላችሁ?»

«ስድስት ሰዓት» አልኩ።

«ሰባኪው ከጨከነ ሰባት!» አለ የሾኔው ልጅ።

«እንግዲያው ዛሬም ወደፊትም እሑድ ስምንት ሰዓት እንጀምራለን» አለ መምህሩ።

መምህሩ እሑድ ማታ አዲስ አበባ ቤቱ መግባቱ ቀረ ማለት ነው። ስወጣ በረንዳው ላይ ስልክ ያወራ ነበር። «ዛሬ አልመጣም የኔ ልጅ፣ ነገ ነው። ለወንድምህም ንገረው» ሲል ሰማሁት። እናት ነኝና ገባኝ።

ቤተ ክርስቲያን ስደርስ መዝሙር ላይ ነበሩ። የዚያን ዕለት ጸሎቴ ምስጋና ብቻ ነበር። ስምንት ሰዓት ላይ ሁላችንም ክፍል ተገኘን፤ የዳምቦያው ሰው አጠገቤ ተቀመጠ።

በማግስቱ ጎህ ሳይቀድ ተነሥቼ ቆጮ ጋገርኩ። ከአይብ ጋር ጠቅልዬ በጭቃው መናኸሪያ ሄድኩ። መምህሩ መኪና ውስጥ ገብቶ ስለነበር በመስኮት አቀበልኩት።

«ምነው እናቴ፣ በዚህ ጭቃ! ለእኔ ብለው?»

«ለእርስዎ አይደለም፤ ለልጆቹ ነው» አልኩት።

መኪናው ሲወጣ ጫማዬን ሣሩ ላይ ጠረግኩና ወደ ሥራዬ ሄድኩ።