አደራ የተሰጠችኝ ዶሮ

ከጊዮርጊስ ጀርባ ባለው ግቢያችን ጎረቤቴ ጡረታ የወጣች መምህርት ነበረች። አንድ ጊዜ ጫጩት አብረን ገዛን። ከማስፈልፈያ በካርቶን የመጡ፣ የአንድ ቀን ጫጩቶች ነበሩ። እኔ እጄ የደረሰበትን አነሣሁ። እሷ ግን አንድ በአንድ እየገለበጠች እምብርታቸው መድረቁን፣ እግራቸው አለመጣመሙን ታይ ነበር፤ የተማሪ ጥፍር የምትቆጣጠር ትመስል ነበር።

«ለልጅሽ ሚስት እየመረጥሽ ነው እንዴ?» አልኳት።

«አንቺ ዝም ብለሽ እፈሺ፤ ኋላ ትቀብሪያለሽ» አለችኝ።

እንዳለችውም ሆነ። የእኔዎቹ እምብርታቸው እየቆሰለ በሳምንቱ አለቁ። የእሷዎቹ አድገው ቡናማ እንቁላላቸውን ያለማቋረጥ ጣሉ።

በኋላ በእሷ በኩል ያለው ቤት ለመንገድ ፈረሰና ኮንዶሚኒየም፣ አራተኛ ፎቅ ገባች። ዶሮዎቹን ሸጣ አንዷን ለእኔ ሰጠችኝ።

«ይቺን ያዢልኝ። ከዚያ ቤት የቀረችኝ እሷ ብቻ ናት።»

እንቁላሉን ሥላሴ አካባቢ የምትሠራው ሴት ልጇ ዓርብ ዓርብ እየመጣች ትወስድላት ነበር። እነሱ ፕሮቴስታንት ናቸው፤ በጾም እኔ ስለማልበላ ሁሉም ይሄድላታል።

ሁለት ዓመት እንዳለፋት ዶሮዋ መጣሉን ቀነሰች፤ ቆይታም ጨርሶ ተወች። የአበሻ ዶሮ ብትሆን ልትታቀፍ ነው ብዬ እጠብቃት ነበር። የማስፈልፈያ ዶሮ ግን መታቀፍ አታውቅም፤ በወጣትነቷ አጥብቃ ትጥልና ያበቃላታል። ይህን ለጎረቤቴ መንገር ከበደኝ። ስትደውል ከእኔ ጤና በፊት የምትጠይቀው የዶሮዋን ነው። ስለዚህ ከአትክልት ተራ እንቁላል እየገዛሁ መላክ ጀመርኩ። ለእሷ የፈረንጅ እንቁላል መግዛት ነውር ስለመሰለኝ ጥሩ ጥሩውን የአበሻ እንቁላል መረጥኩ።

ፋሲካ ሲቃረብ ራሷ መጣች። ዶሮዋን አቅፋ ከጭራዋ ሥር ያሉትን አጥንቶች በጣቶቿ ዳሰሰች። የምትጥል ዶሮ እዚያ ጋ ሰፊ ናት፤ ይቺ ጠብባለች።

«ካቆመች ቆይታለች» አለች።

ሰበብ ስፈልግ ቀደመችኝ።

«ቡናማ ትጥል የነበረች ዶሮ ድንገት ትንንሽ ነጭ እንቁላል ስትልክልኝ የማላውቅ መሰለሽ?»

«ታዲያ ለምን አልነገርሽኝም?» አልኳት።

«ብነግርሽ ትተያለሻ! ደግሞ የአበሻ እንቁላል ይጣፍጣል።»

ሳቅን። ዶሮዋን ግን አልለቀቀቻትም።

«ለበዓሉ ብታሳርጃት አልቀየምም» አለች፣ የፈረሰውን ወገን እያየች።

«አራጅ የለኝም።» በእኛ ቤት ሴት አታርድም፤ ባለቤቴም ካረፈ ቆይቷል።

«የግቢው ወንድ ሁሉ የት ሄደ?»

«እኔ አልጠራም።»

ከዚያ ዶሮዋን ቀስ ብላ አወረደቻትና ፉርሽካው የት እንደሚቀመጥ ጠየቀችኝ።