የሀርላ ድንጋይ ስም ነበረው

ዛሬ ጠዋት ድሬዳዋ፣ ከዚራ ሰፈር ስደርስ፣ ሁልጊዜ ባጃጅ ስጠብቅ የምቀመጥበትን ድንጋይ ቱቦ የሚቀብሩ ሠራተኞች በመዶሻ እየፈለጡት ነበር።

አንዱን ስባሪ ሲገለብጡት ከሥሩ የዓረብኛ ጽሑፍ ወጣ። ለካ ይኼን ሁሉ ዘመን የተቀመጥነው በጀርባው ላይ ኖሯል።

እኛ ድሬዎች ትልቅ ድንጋይ ካየን «የሀርላ ነው» እንላለን። ሀርላ ስንል ከብዙ መቶ ዓመታት በፊት እዚህ የኖሩ ግዙፎች ማለታችን ነው። ተራራ የሚያክል ሰው ደግሞ ይሞታል ብሎ ማን ያስባል?

ከፊት ለፊት ያሉት ባለሱቅ ሀጂ መጡ። አቧራውን በሽርጣቸው ጫፍ ጠርገው አነበቡ። «ይህ የፋጡማ መቃብር ነው፤ የ...»

እዚያ ላይ ተሰብሯል። የአባቷን ስም የያዘው ስባሪ ደቅቆ ከሌላው ጋር የቱቦው ሙሌት ሆኖ ጉድጓድ ገብቷል።

«ሀጂ፣ ሀርላዎች ግዙፍ አልነበሩም እንዴ?» አለ ባለመዶሻው ደንግጦ።

«ሰው ነበሩ አቦ» አሉት። «ሰው!»

አቤት የሚባልበት የለም። ጉድጓዱ ከሰዓት በኋላ ተደፈነ፤ ባጃጆቹም በላዩ ላይ ቆመው ሰው ይጠራሉ።

በእናንተስ ደጅ የሀርላ ድንጋይ አለ? እባካችሁ መዶሻ ሳይቀድማችሁ ገልብጡትና ስሙን እስከ አያቱ ጻፉልኝ።

የእኛዋ «ፋጡማ» ብቻ ሆና ቀረች።