ሜልቦርን ያለው ሎሚዬ

ዛሬ ጠዋት ልጄ ከሜልቦርን ደውላ፣ "አባዬ፣ የእማዬ ሎሚ እየደረቀ ነው" አለችኝ።

ባለቤቴ የሞተች ዓመት ሄጄ ልጄ ጓሮ ለመታሰቢያዋ በእጄ የተከልኩት ነው። ድርቅ ስለገባ በጎማ ማጠጣት ተከልክሏል።

እኛ ሐበሾች ቡና ይዘን የምንሰበሰብበት ስካይላይን ሄጄ ለጓደኞቼ ባወራ፣ አንዱ ዶክተር፣ "ጋሼ፣ የአየሩ መለወጥ ገና አከራካሪ ነው፤ አውስትራሊያኖቹ ራሳቸው አልተስማሙም" ብሎኝ አረፈ።

እኔ ፊደል ከመቁጠር አላለፍኩም። ግን እኛ አገር ሰው በምንጭ ሲጣላ ሽማግሌ መጀመሪያ ወርዶ ምንጩን ያያል፤ ፍርዱ ከዚያ ነው። እነዚህ ወንበር ላይ ሆነው ይሟገታሉ፣ ሎሚዬ ይደርቃል።

ልጄን፣ "ዕቃ ያጠብሽበትን ውሃ አፍስሺበት" ብላት፣ "ሳሙና አለው እኮ" ብላ እሷም ተከራከረችኝ።

አውስትራሊያ ዘመድ ያላችሁ፣ እነሱ ዛፋቸውን በምን እያቆዩት ነው? ክርክሩ ይቅርብኝና ዘዴውን ንገሩኝ።