እናቴ ጋቢዋን የጣለችበት ምሽት

ለሥራ ወደ ቤይሩት ልሄድ ከሰቆጣ ልወጣ ዋዜማ፣ ንጋት ላይ ወደ ወልድያ የሚወርደውን አውቶቡስ እያሰብኩ ጥርሴ በብርድ ሲንገጫገጭ፣ እናቴ ካረፍንበት ዘመድ ቤት ደጅ ወጥታ ጋቢዋን ጥላ ቆመች። ነፋሱ የአገራችን የታኅሣሥ ነፋስ ነው፤ ታውቁታላችሁ። ፊቷ ግን በላብ ርሷል። አንድ ልጇ ነኝና ሐዘን አቃጠላት ብዬ አንገቷ ላይ ተጠምጥሜ አለቀስኩ። እሷ ቀስ ብላ ገለል አደረገችኝና "ቆይ እስቲ፣ ነፋስ ላግኝ" አለችኝ። ትንሽ ከፋኝ።

ቤይሩት ገብቼ የአሠሪዬን የመዳምን ልጆች አሳደግሁ፤ ትልቁ ጢም አወጣ። ሐሳቤ አንድ ብቻ ነበር፤ አገሬ ገብቼ፣ አግብቼ፣ ለእናቴ የልጅ ልጅ ማሳቀፍ። ሠላሳ ስድስት ዓመት ሲሞላኝ ሰውነቴ ሌላ ጠባይ አመጣ። ድንገት ከደረቴ የተነሳ ሙቀት አንገቴንና ጆሮዬን አልፎ አናቴ ላይ ይወጣል፤ ቀሚሴ በላብ ይጣበቃል፤ ወዲያው ደግሞ ይበርደኛል። ድሮ ከሰቆጣ በታች ወዳለው ዝቋላ ቆላ ዘመድ ልጠይቅ ወርጄ የያዘኝ ወባ ተመለሰብኝ አልኩ። እኛ ደገኞች ላብ ካየን ከወባ ሌላ አይታየንም። ነጭ ሽንኩርት በላይ በላዩ በላሁ፤ መዳም አፍንጫዋን ይዛ ሰነበተች።

አንድ ቀን ሲብስብኝ ፍሪጅ ከፍቼ ጭንቅላቴን ከተትኩ። መዳም ደርሳ ምን እየሰረቅሽ ነው አለችኝ። "ሾብ፣ መዳም፣ ሾብ" አልኳት፤ ሙቀት ማለት ነው። ውጭ ዝናብ ይዘንባል። የወር አበባዬ መቅረቱን ስትሰማ ነገሩ ሁሉ ተገለጠላት፤ አርግዛለች አለች። ያረገዘች ሠራተኛ ደግሞ ወዲያው ወደ አገሯ ትሸኛለች። በር ተቆልፎብኝ ከምውልበት ቤት ከማን አረግዛለሁ ብል ማን ሰምቶኝ። ሐኪም ዘንድ ወሰደችኝ። የደሜ ውጤት ሲመጣ ሐኪሙ ፅንስ የለም፣ ያለ ዕድሜዋ አርጣለች፣ ከእንግዲህ መውለዷ ያጠራጥራል አለ። መዳም እጆቿን ወደ ላይ ዘርግታ አምላኳን አመሰገነች። ስንመለስ ደስ ብሏት አይስክሬም ገዛችልኝ፤ እሱን እየላስኩ አለቀስኩ።

ለእናቴ እንዴት ይነገራል? በገበያ ቀን ከቀያችን ከጋዝጊብላ ሰቆጣ ስልክ ቤት ድረስ በእግሯ መጥታ ስልኬን ትጠብቃለች፤ ሁልጊዜም መጀመሪያ የምትጠይቀኝ መቼ ገብቼ እንደማገባ ነው። ያን ቀን ሳትጠይቀኝ ቀድሜ ሐኪሙ ያለውን ነገርኳት።

"ደረትሽ ላይ ይጀምርና ሽቅብ ይወጣል?" አለችኝ።

"አዎ።"

"የሸኘሁሽ ማታ ጋቢዬን የጣልኩት በሱ ነው፣ ሆዴ። እኔም ከእኩዮቼ ቀድሜ ነው ያረጥኩት።"

ያኔ ገባኝ። እኩዮቿ የወር አበባቸው ሲመጣ ከቤተ ክርስቲያኑ ቅጥር ዛፍ ሥር ቆመው ሲያስቀድሱ፣ እናቴ ምንጊዜም ውስጥ ነበረች። ከጽድቋ ብዛት መስሎኝ በጓደኞቼ ላይ እኮራ ነበር። ለካ የወር አበባዋ ቀርቶ ነው፤ ሌላ ልጅ እየተመኘች፣ ሰው እያማት፣ በዚያ ሙቀት ላይ ታጭዳለች፣ ውኃ ትቀዳለች፤ አንድ ቀን ተኝታ ስትውል አላየሁም። እንደሷ ያለ ሴት እስከ ዛሬ አልገጠመኝም። ለምን አልነገርሽኝም ብላት፣ መንገደኛ ላይ ጭነት አይጨመርም አለችኝ። ሲነሳብሽ የእጅሽ አንጓ ላይ ቀዝቃዛ ውኃ አፍስሺ፣ በርበሬ ቀንሺ፣ ነፋስ ፈልጊ፣ ከዚያ ሥራሽን ቀጥዪ አለችኝ። ይኸው እንደዚያው አደርጋለሁ።

"እማዬ፣ የልጅ ልጅ ሳላሳቅፍሽ ቀረሁ" አልኳት።

ከኋላዋ ወረፋ የሚጠብቀው ሰው ሲንጫጫ ይሰማኛል።

"እኔም አንድ ነው የወለድኩ፤ እሷንም ባሕር ወሰዳት" አለች። "አሁን ነይልኝ። ቤተ ክርስቲያኑ ውስጥ አብረን እንቆማለን።"

መቼ እንደምመጣ ሳልነግራት መስመሩ ተቋረጠ። ሙቀቱ ሲነሳብኝ ሹራቤን ጥዬ በረንዳ ላይ ወጣሁ።